ምስሉን ከማሳመር በፊት ቁጥሩን መጠበቅ

ማይክሮስኮፕ ላይ የተገጠመ ካሜራ ለተመራማሪው የሚያስረክበው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። የሰንጠረዡ እያንዳንዱ ቤት አንድ ፒክሰል ነው፤ በውስጡ የተጻፈው ቁጥርም በዚያች ነጥብ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንዳረፈ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን ወደ ብሩህነትና ወደ ቀለም መልሶ ስለሚያሳየን ግን ፎቶግራፍ የያዝን ይመስለናል፤ ፎቶግራፍን ማሳመር ደግሞ ሁላችንም ለምደነዋል። በምርምር ምስል ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ከርሽ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው ስካነር የሕፃን ልጁን ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ 176 በ176 ፒክሰል የነበረው ያ ምስል የተወለደው የአገሪቱን የመለኪያ ደረጃዎች በሚያወጣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ዲጂታል ምስል ከመነሻው የመለኪያ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ይህ መመሪያ የሚሟገትለት ሐሳብም ከዚህ ይነሣል፦ ምስልዎ መለኪያ ስለሆነ ቁጥሩን የሚነካ እያንዳንዱ እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል፣ በሁሉም ናሙና ላይ እኩል የተሠራ፣ ሌላ ሰውም ሊደግመው የሚችል መሆን አለበት። ይህን ፈተና የማያልፍ እርምጃ ምስሉን የቱንም ያህል ቢያጠራው ከሥራዎ ይውጣ።

ጉዳዩ የጥቂት አጭበርባሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2002 ለኅትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ፤ በ2004 ደግሞ ማይክ ሮስነርና ኬኔዝ ያማዳ የሚፈቀደውን ከማይፈቀደው የሚለይ ጽሑፍ በዚያው መጽሔት አወጡ። በ2016 ኤሊዛቤት ቢክ፣ አርቱሮ ካሳዴቫልና ፌሪክ ፋንግ በ40 መጽሔቶች የታተሙ 20,621 ጽሑፎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ 3.8 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ችግር ያለበት ምስል ማግኘታቸውን ገለጹ። ከእነዚህ ቢያንስ ግማሾቹ ሆን ተብሎ የመነካካት ምልክት ነበረባቸው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በሌላው ክፍል ላይ ነው፤ ፋይል ተምታቶበት አንዱን ምስል ሁለት ቦታ የለጠፈ፣ የሚያደርገው ነገር ቁጥሩን እንደሚለውጥ ሳያውቅ አንድ ቁልፍ የተጫነ ሰው ሥራ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። እንዲህ ያለውን ሰው የሥነ ምግባር ስብከት አያድነውም። የሚያድነው የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ከምስሉ የሚፈልጉት ቁጥር ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የሴሎች ብዛት ነው? የቅጠል ስፋት ነው? የአንድ ፕሮቲን የብርሃን ጥንካሬ ነው? ብዛትን ለመቁጠር የሚበቃ ምስል ጥንካሬን ለመለካት ላይበቃ ስለሚችል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል። ከዚያ ለይተው ማየት የሚፈልጉት ትንሹ ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይወስኑ። ኤርንስት አበ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳየው ሕግ መሠረት፣ ሌንስ የሚለየውን ትንሹን ርቀት ለማግኘት የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በሌንሱ ላይ ለተጻፈው የኒውመሪካል አፐርቸር ቁጥር እጥፍ ማካፈል ነው። ባለ 100 እጥፍ የዘይት ሌንስ ላይ ብዙ ጊዜ 1.25 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ በ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ሲሰላ ውጤቱ 220 ናኖሜትር ይመጣል። ከዚህ ይበልጥ የተጠጋጉ ሁለት ነጥቦች ተዋሕደው ይታያሉ፤ በኋላ ስክሪን ላይ ቢያጎሏቸው የሚጎላው ብዥታው ነው። ካሜራው ይህን ዝርዝር ሳያባክን እንዲይዝ አንድ ፒክሰል በናሙናው ላይ የሚሸፍነው ርቀት ከዚህ ቁጥር ግማሽ፣ ማለትም ከ110 ናኖሜትር መብለጥ የለበትም። ፒክሰሉ 6.5 ማይክሮሜትር የሆነ ካሜራ በ100 እጥፍ ሲነሳበት እያንዳንዱ ፒክሰል 65 ናኖሜትር ስለሚሸፍን ይበቃል። ይኸው ካሜራ ባለ 40 እጥፍና 0.65 አፐርቸር ሌንስ ላይ፣ ምስሉን በግማሽ በሚያሳንስ ማገናኛ ቢገጠም ግን ፒክሰሉ 325 ናኖሜትር ይሸፍናል፤ ሌንሱ የሚጠይቀው ወደ 211 ነውና ሌንሱ ያየውን ካሜራው ይጥለዋል። የቀለም ካሜራ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፒክሰል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ለክቶ ሌሎቹን ከጎረቤቶቹ ስለሚገምት፣ ከዚህም የበለጠ ትርፍ ይተዉ።

ማገናኛውን ማንሳቴ በምክንያት ነው። ሌንሱ ላይ 40 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ርዝመት አስልቶ ምስሉ ላይ የልኬት መስመር ማስመር ስሕተት ሆኖ ሳይታወቅ የሚያልፍ ነገር ነው፤ በካሜራና በሌንስ መካከል ያለው ማገናኛ ማጉያውን ሊለውጠው ይችላልና። ትክክለኛው መንገድ አንድ ሚሊሜትር ለ100 የተከፈለበትን የመለኪያ ስላይድ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ካሜራ ማንሳት ነው። ሁለት መስመሮች መካከል 10 ማይክሮሜትር አለ። በኢሜጅ ጄ ሶፍትዌር አሥር ወይም ሃያ ክፍሎችን የሚሻገር መስመር ይሳሉና አናላይዝ ከሚለው ዝርዝር ሴት ስኬል የሚለውን ከፍተው ርዝመቱን ያስገቡ። ለእያንዳንዱ ሌንስ ይህን አንድ ጊዜ ሠርተው ውጤቱን ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ይለጥፉት። ኢሜጅ ጄ ዌይን ራስባንድ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ተጨማሪ መሣሪያዎች ተካተውበት የሚመጣው ፊጂ፣ ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው ሴልፕሮፋይለር፣ የፓይተኑ ሳይኪት ኢሜጅም እንዲሁ ነጻ ናቸው። የሶፍትዌር ፈቃድ መግዣ ገንዘብ የሌለው ላቦራቶሪ በዚህ ረገድ ከማንም አያንስም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአነሳሱ ነው።

ስለ አነሳሱ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፣ በኋላ በሶፍትዌር ሊታረም የማይችለው ጥፋት ያለው እዚህ ነውና። ባለ 8 ቢት ምስል 256 የብርሃን ደረጃዎች አሉት፣ ከ0 እስከ 255፤ ባለ 12 ቢት 4,096፣ ባለ 16 ቢት 65,536። ብርሃኑ ሲበዛ ፒክሰሉ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቆማል። 255 የነበረበትም፣ በእውነቱ 400 መሆን የነበረበትም እኩል 255 ይጻፋሉ። ሁለት ናሙናዎች እያነጻጸሩ አንዱ ጣሪያውን ከነካ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠፍቷል፤ የሚመልሰውም የለም። ስለዚህ ከማንሳትዎ በፊት ሂስቶግራሙን፣ ማለትም በየብርሃን ደረጃው ስንት ፒክሰል እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ይክፈቱ፤ በቀኝ ጫፍ ላይ የተከመረ ግንብ ካዩ ብርሃኑን ወይም የማንሻ ጊዜውን ይቀንሱ። ቅንብሩን በጣም ብሩህ በሆነው ናሙና ላይ ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ናሙናዎች፣ ለማነጻጸሪያውም ጭምር፣ አንዱንም ሳይነኩ ይጠቀሙበት። ካሜራው ራሱ የሚያስተካክለው ነገር ሁሉ ይጥፋ። የታከመውን ናሙና ራሱ አጨልሞ ያልታከመውን ራሱ ያበራ ካሜራ፣ እርስዎ ሊለኩ የመጡትን ልዩነት አስቀድሞ ደምስሶታል።

ብርሃኑን ከልክ በላይ መቀነስም ዋጋ አለው። ብርሃን በጥራጥሬ ስለሚመጣ ቆጠራው ራሱ ይዋዥቃል፤ መጠኑም የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። 100 ፎቶን የደረሰው ፒክሰል በ10 ያህል፣ ማለትም በ10 በመቶ ይዋዥቃል፤ 10,000 የደረሰው በ100፣ ማለትም በ1 በመቶ ብቻ። ባለሙያዎቹ ኖይዝ የሚሉት ይህ መበታተን የካሜራ ርካሽነት ብቻ አይደለም፣ የብርሃን ተፈጥሮ ነው። ናሙናው የማይንቀሳቀስ ከሆነ አራት ምስል አንስቶ አማካዩን መውሰድ መዋዠቁን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ በኋላ ከሚደረግ ከማንኛውም የማለስለሻ ማጣሪያ የተሻለ መድኃኒት ነው፣ የተጨመረው እውነተኛ መረጃ ነውና።

እዚህ ጋ ብዙ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ባለ 12 ቢት ካሜራ ምስሉን በ16 ቢት ፋይል ሲያስቀምጥ ትልቁ ቁጥር 4,095 ስለሚሆን፣ ተራ የፎቶ መመልከቻ ሲከፍተው ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ምስሉ አልተበላሸም። በኢሜጅ ጄ የብሩህነትና የንፅፅር መስኮት ውስጥ መጎተቻዎቹን ማንቀሳቀስ የሚለውጠው አታያዩን ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው። አፕላይ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ግን ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ከ16 ወደ 8 ቢት ሲቀይሩም ሶፍትዌሩ በነባሪ ቅንብሩ የሚያካፍለው በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ ባለው የአታያይ ወሰን ነው፤ አንዱን ምስል በአንድ ወሰን፣ ሌላውን በሌላ ወሰን አሳይተው ከቀየሩ ሁለቱን ከዚያ በኋላ ማነጻጸር ትርጉም የለውም። የብርሃን ጥንካሬ የሚለኩ ከሆነ በ16 ቢት ይለኩ፤ ወደ 8 የሚቀየረው ለኅትመት የሚሆነው ቅጂ ብቻ ይሁን።

የምርምር ካሜራ የሌለው፣ ስልኩን በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ላይ ደግኖ የሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ለእኔ አይደለም ሊል ይችላል። ለእርሱም ነው፤ ብቻ ወሰኑን ማወቅ አለበት። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ጠርዝ ያሾላል፣ ያለሰልሳል፣ ብዙ ምስል አዋሕዶ ጨለማውን ያበራል፤ ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ከስልክ በተገኘ ተራ ፎቶ ላይ የብርሃን ጥንካሬን ለክቶ መደምደም አይገባም። ብዛትን፣ ቅርጽንና ስፋትን መለካት ግን ይቻላል፤ የቅጠሉን ስፋት የሚለካ ሰው ቅጠሉን አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ዘርግቶ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ካነሳ ጥሩ ቁጥር ያገኛል፤ ጠፍጣፋ ስካነር ካለ ደግሞ ይሻላል። ስልኩ በእጅ የሚስተካከል ሁነታ ካለው የማንሻ ጊዜውንና የነጭ ሚዛኑን ቆልፈው፣ ዲኤንጂ በሚባለው ጥሬ ፋይል ያስቀምጡ። በየትኛው መሣሪያ ምን እንደለኩ በጽሑፍዎ ውስጥ ሳይሸሽጉ ይናገሩ።

ምስሉ ከተነሳ በኋላ ያለው ሥራ ፋይል መጠበቅ ነው። ጥሬውን በካሜራው ፋይል ወይም በቲፍ ያስቀምጡ። ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክሰል እየከፈለ ዓይን አያየውም ያለውን ዝርዝር ይጥላል፤ ለዓይን የማይታየው ለመለኪያ ሊታይ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጄፔግ የተቀመጠውን በኋላ ወደ ቲፍ መቀየር የጠፋውን አይመልስም። በቴሌግራም ለአማካሪ መምህር መላክ የተለመደ ስለሆነ ልብ ይበሉ፣ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ታምቆ ነው የሚደርሰው፤ በፋይል መልክ ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ የናሙናውን መለያ፣ ሌንሱንና ተራ ቁጥሩን ይያዝ። ጥሬ ምስሎቹ ያሉበትን ፎልደር እንዳይጻፍበት ይቆልፉት፤ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። ሥራው ሁሉ በቅጂ ላይ ነው። መጽሔት ወይም ገምጋሚ ያልተነካውን ምስል ከጠየቀዎት የሚሰጡት ነገር ያለዎት ይህን ካደረጉ ብቻ ነው፤ ከላይ ያነሳሁትን አንድ ምስል ሁለት ቦታ የመለጠፍ ስሕተትም በብዙው የሚከለክለው ይኸው አሰልቺ የስም አወጣጥ ነው።

ቀጥሎ እርማት ይመጣል። የማይክሮስኮፕ ብርሃን ብዙውን ጊዜ መሐሉ ላይ ይበረታል፣ ዳር ላይ ይደክማል። መሐሉ 200፣ ዳሩ 150 በሆነ ባዶ ስላይድ ላይ፣ ከ170 በታች ያለው ሁሉ ሴል ነው ብሎ የሚቆጥር ሶፍትዌር ዳሩን በሙሉ ሴል ያደርገዋል። መፍትሔው ሁለት ተጨማሪ ምስል ማንሳት ነው፤ አንደኛው ናሙና የሌለበት ባዶ ቦታ፣ ሁለተኛው ብርሃኑ ተዘግቶ ካሜራው በጨለማ የሚያነሳው። ከዚያ ከናሙናው ምስል ላይ የጨለማውን ይቀንሱ፣ ከባዶውም ላይ እንዲሁ ይቀንሱ፣ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው ያካፍሉና ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ልክ እንዲመለስ ጨለማው በተቀነሰለት ባዶ ምስል አማካይ ያባዙት። ከዚህ በኋላ ማጣሪያ የግድ ካስፈለገ ብቻ ይጠቀሙ። ተነጥለው የሚታዩ ነጭና ጥቁር ነጥቦችን ለማጥፋት እያንዳንዱን ፒክሰል በጎረቤቶቹ መካከለኛ ዋጋ የሚተካው የሚዲያን ማጣሪያ ጠርዝን ብዙም ሳይጎዳ ይሠራል፤ የጋውስ ማለስለሻ ግን ጠርዙንም አብሮ ያለሰልሰዋል። የትኛውንም ቢመርጡ የማጣሪያውን ስፋት በፒክሰል ይመዝግቡ፤ ሊያዩት ከሚፈልጉት ትንሽ ነገር የሚሰፋ ማጣሪያ ያንኑ ነገር ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ወሳኙ ቦታ ደርሰናል፤ የትኛው ፒክሰል የነገሩ፣ የትኛው የዳራው እንደሆነ መለየት። ለዚህ አንድ መቁረጫ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያ ቁጥር ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሴሉ ስፋት ይለወጣል፣ የተጠጋጉ ሴሎች ይለያያሉ ወይም ይጣበቃሉ፣ ደብዛዛዎቹ ይቆጠራሉ ወይም ይቀራሉ። በዓይን እየገመቱ ለእያንዳንዱ ምስል ሌላ ቁጥር መምረጥ፣ ሳያስቡትም ቢሆን፣ መላ ምትዎ ወደሚፈልገው ያዘነብላል። ስለዚህ መምረጡን ለሥሌት ይስጡት። ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ ሂስቶግራሙን ለሁለት ሲከፍል ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ በጣም የሚራራቁበትን ነጥብ ይፈልጋል፤ ኢሜጅ ጄ ውስጥ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ይገኛል። ነገሩና ዳራው በሂስቶግራሙ ላይ ሁለት ጉብታ ሆነው ሲታዩ ደኅና ይሠራል። ሜዳው በአብዛኛው ባዶ ሆኖ ነገሩ ጥቂት ሲሆን ግን ባዶውን ራሱን ለሁለት ሊከፍለው ይችላል፤ ባዶ ስላይድ ቢሰጡትም መቁረጫ ቁጥር ማውጣቱን አይተውምና። የተነካኩ ሴሎችን ለመለየት ወተርሼድ የተባለው ስልት አለ፤ ክብ ለሆኑት ይበጃል፣ ረዣዥሞቹን ግን ያለ አግባብ ይቆራርጣል። በመጨረሻም የስፋት ወሰን ይስጡ፤ ቀይ የደም ሴል ዲያሜትሩ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ገደማ ነውና ሁለት ማይክሮሜትር የሆነ ክብ ቀይ የደም ሴል ሆኖ መቆጠር የለበትም።

ሥሌቱ ቁጥር ስላወጣ ብቻ ከአድልዎ ነጻ ነው የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ኮምፒውተር ወገን የለውም ይባላል። ወገን ባይኖረውም ዘዴውን የመረጠው፣ ወሰኑን የሰጠው ሰው ነው። በወባ ምርመራ ይህ በግልጽ ይታያል። በወፍራም የደም ቅብ ላይ ተህዋሲያኑ የሚቆጠሩት ከነጭ የደም ሴሎች አንጻር ነው፤ 200 ነጭ ሴል እስኪቆጠር የታየው የተህዋስ ብዛት፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 8,000 ነጭ ሴል አለ በሚለው የተለመደ ግምት በ40 ይባዛል። ሶፍትዌሩ ቅቡ የተቀለመበትን የጊምሳ ቀለም አንዲት ቅንጣት ተህዋስ ናት ብሎ ቢቆጥር ውጤቱ በማይክሮሊትር 40 ተህዋስ ከፍ አለ ማለት ነው። አምስት ቅንጣት 200 ያደርሰዋል፤ በሽታው በሌለበት ሰው ላይ በሽታ ተጻፈ። ስለዚህ ማሽኑን ማመን የሚቻለው ከተፈተነ በኋላ ነው። ከምስሎችዎ መካከል በዕጣ ጥቂቶቹን ያውጡ፤ የናሙናውን ማንነት የማያውቅ የሠለጠነ ሰው በእጅ ይቁጠራቸው፤ ተህዋስ እንደሌለባቸው የታወቁ ስላይዶችም ይጨመሩ፤ ከዚያ የሶፍትዌሩን ውጤት ከእርሱ ጋር ያስተያዩ። የሁለቱ ድምር መቀራረቡ አይበቃም፣ ያለውን መሳቱና የሌለውን መቁጠሩ ተካክሰው ድምሩን ትክክል ሊያስመስሉት ይችላሉና ሁለቱን ለየብቻ ይቁጠሩ። ቀጥለው መቁረጫውን ቁጥር ጥቂት ከፍና ዝቅ አድርገው ሙሉውን ሥሌት ይድገሙ። መደምደሚያዎ ከተገለበጠ ግኝትዎ ያለው በመቁረጫው ውስጥ ነው፣ በደሙ ውስጥ አይደለም።

ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ ምስልን መንካት ሁሉ ማጭበርበር ነውና ጥሬውን መተው ይሻላል የሚል ነው። ቅንነቱ ያስመሰግናል፤ ግን ጥሬው ራሱ ንጹሕ ምስክር አይደለም። ሌንሱ አደብዝዞታል፣ መብራቱ አዛብቶታል፣ ካሜራው ኖይዝ ጨምሮበታል። ሐብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ ሲወጣ ዋናው መስታወቱ በተሳሳተ ቅርጽ የተቀረጸ መሆኑ ታወቀ። ጠፈርተኞች በታኅሣሥ 1993 መጥተው ማረሚያውን እስኪገጥሙ ድረስ ተመራማሪዎች የብዥታውን ቅርጽ ከከዋክብት እየለኩ በሥሌት ሲቀንሱ ቆዩ፤ እርምጃው የታወቀና የተለካ ስለነበረ ማንም ማጭበርበር አላለውም። የኤም 87 ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ ምስል በሚያዝያ 2019 ሲወጣ ከቴሌስኮፖቹ የመጣው መረጃ ከሥሌት በፊት ምስል እንኳ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ምኞት ስለፈሩ መረጃውን ለአራት ቡድኖች ሰጡ፤ ቡድኖቹ ሳይነጋገሩ እየሠሩ ሁሉም ቀለበት አገኙ። በእኔ እምነት ምስልን የማስኬድ ሥራ ከዚህ የተሻለ አርአያ የለውም። ለአራት ቡድን አቅም የሌለው ላቦራቶሪ ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ አንዱን ምስል እንዲተነትኑ ማድረግ ይችላል።

በመግቢያው ባስቀመጥኩት ፈተና ሲለካ ዛሬ የተስፋፋው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ለሁለት ይከፈላል። ሴሉን ከዳራው የሚለይ የሠለጠነ ሞዴል፣ ከላይ እንዳልኩት በእጅ ቆጠራ እስከተፈተነ ድረስ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ጥሬው ቁጥር አልተነካምና። ብዥ ያለውን ምስል የሚያጠራው ወይም የጎደለውን የሚሞላው ግን ከዚህ ቀደም ካያቸው ሌሎች ምስሎች ተነሥቶ እዚህ ሊኖር ይገባል ያለውን ፒክሰል ይፈጥራል። አዲስ ነገር ለማግኘት የወጣ ተመራማሪ ደግሞ የሚያሳድደው ከዚህ በፊት ያልታየውን ነው፤ ሞዴሉ ወደ ለመደው ሲመልሰው ግኝቱ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ባለ መሣሪያ የወጣ ምስል ላይ አይለኩ።

ሥርዓቱ ከማይክሮስኮፕ ወደ ሳተላይት ሲሄዱም አይለወጥም። ጣና ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ስፋት ከሳተላይት ምስል ለመለካት የሚነሣ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ የሚገኘውን የላንድሳት ክምችት ቢጠቀም አንዱ ፒክሰል 30 በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ነው፤ በሴንቲኔል 2 ደግሞ በዋና ዋናዎቹ ቀለሞች 10 በ10፣ 100 ካሬ ሜትር። ከዚያ ያነሰ የአረም ቁራጭ ከውኃው ጋር በአንድ ቁጥር ይደባለቃል፤ መቁረጫው ሙሉውን ፒክሰል ወይ አረም ወይ ውኃ ያደርገዋል። አረሙ ተንሳፋፊ ሆኖ ነፋስ ከቦታ ቦታ ስለሚወስደውም፣ የዚህን ሳምንት ምስል ካለፈው ሳምንት የመስክ ጉብኝት ጋር ማስተያየት አይቻልም፤ የመስክ መረጃው ሳተላይቱ ባለፈበት ቀን ይሰብሰብ።

ለኅትመት ስለሚዘጋጀው ምስል ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብሩህነትና ንፅፅር በሙሉው ምስል ላይና በሚነጻጸሩት ሁሉ ላይ እኩል ከተስተካከለ ይፈቀዳል፤ እንደ ጋማ ያለ ደብዛዛውንና ብሩሁን እኩል የማይለውጥ ማስተካከያ ከተጠቀሙ በምስሉ ግርጌ ይጻፉት። ከተለያየ ቦታ የተቆረጡ ክፍሎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ መካከላቸው በግልጽ መስመር ይሰመር። ዳራውን በብሩሽ ማጽዳት ፈጽሞ አይገባም። ከሰሜን አውሮፓ በዘር የሚመዘዙ ወንዶች መካከል 8 በመቶ ገደማ ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ስለሚቸገሩ በሁለቱ ፋንታ ማጀንታና አረንጓዴ ይጠቀሙ። የልኬት መስመር ሳይኖር ምስል አይውጣ።

ስታቲስቲክሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ከአንድ አይጥ የተነሱ 500 ሴሎች 500 ማስረጃ አይደሉም። ሕክምናውን የተቀበለችው አይጧ ናትና የናሙናው ቁጥር አንድ ነው፤ ሴሎቹ የእርሷን አማካይ በጥራት ለማወቅ ብቻ ይረዳሉ። ሶፍትዌር በደቂቃ ሺህ ሴል ስለሚቆጥር ይህን መርሳት ቀላል ሆኗል።

የሄዱበትን መንገድ በሙሉ ለመመዝገብ ደግሞ በማስታወሻ ደብተር ብቻ አይተማመኑ። በኢሜጅ ጄ ፕለጊንስ ከሚለው ዝርዝር ማክሮስ፣ ከዚያ ሪኮርድ የሚለውን ሲከፍቱ የሚጫኗቸው ትእዛዞች ከነቁጥሮቻቸው እንደ ጽሑፍ ይጻፋሉ። ያን ጽሑፍ በማክሮ መልክ አስቀምጠው በሁሉም ምስሎች ላይ ያስኪዱት፤ የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥርም ከላይ ይጻፉበት። ጽሑፍዎን ወደ መጽሔት ከመላክዎ በፊት የተቆለፈውን የጥሬ ምስል ፎልደርና ማክሮውን ብቻ፣ ምንም የቃል ማብራሪያ ሳይጨምሩ፣ ለአንድ ባልደረባ ይስጡና በራሱ ኮምፒውተር ያስኪደው። እርስዎ ያገኙትን ቁጥር ካላገኘ መጀመሪያ ከ16 ወደ 8 ቢት የተቀየረበትን መስመር፣ ከዚያ በእጅ የተመረጠ መቁረጫ ያለበትን መስመር፣ ከዚያ የስሪቱን ልዩነት ይመልከቱ። ሁለቱ ቁጥሮች እስኪገናኙ ድረስ ጽሑፉን አይላኩት።